አራተኛው መስመር

በሆስፒታሉ የራጅ ክፍል የምርመራ ውጤት የምትጽፈውን ሴት በስሟ የሚጠራት ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሁሉም «መትረየስ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ነው፤ እሱም በበኩሉ የሰማውን ይዞ የማያድር ሰው ስለሆነ «ጋዜጣ» ይባላል። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት፣ እሷ ሥራ በጀመረችበት ሳምንት፣ ጋዜጣ ከግድግዳው ማዶ የጣቶቿን ድምፅ ሰምቶ «እዚህ ቤት ጦርነት ተነሣ እንዴ?» እያለ ገባ። ስሙ በዚያው ተለጥፎባት ቀረ። ዶክተሮቹ ደግሞ አንድ ነገር ጨመሩበት፤ «መትረየስ አትስትም» ይላሉ።

ይህ ቀልድ ብቻ አልነበረም። የክፍሉ አሠራር በዚህ ቃል ላይ ነበር የቆመው። ሐኪሙ ምስሉን ያይና ማስታወሻውን በእጁ ይጽፋል፤ እሷ ትተይበዋለች፤ የታተመው ክምር ተመልሶ ጠረጴዛው ላይ ሲደርስ ሐኪሙ የወረቀቶቹን ግርጌ ብቻ እየገለጠ ይፈርማል። የሚያነብ የለም። መጀመሪያ ሰሞን ያነቡ ነበር፤ ስሕተት ፈልገው ፈልገው ሲያጡ ተዉት።

እሷም ብትሆን የጻፈችውን አታይም። የተማረችው በጽሕፈት መኪና ነው። አስተማሪዋ የተማሪዎቹን እጅ በጨርቅ ሸፍና «ዐይን ወረቀቱ ላይ፣ እጅ መንገዱን ያውቃል» የምትል፣ ቀና ብሎ ቁልፉን ያየውን ሁሉ በማስመሪያ ጣቱን የምትጠበጥብ ሴት ነበረች። ያ ትምህርት አጥንቷ ውስጥ ገብቷል። ጽሕፈት መኪናው በኮምፒውተር ከተለወጠም በኋላ ዐይኗ ከሐኪሙ ማስታወሻ አይነሣም፤ መስኮት የሚያህለው ስክሪን ፊቷ ተደቅኖ እያለ ቀና ብላ የምታየው ወረቀት ከማተሚያው ሲወጣ ብቻ ነው፤ ያውም ቀለሙ አለመደብዘዙን ለማየት።

ከአራት ዓመት በፊት የቀኝ እጇ አንጓ አበጠ። ጥፋቱ የማውሱ ነበር። የሪፖርቶቹ መደምደሚያ ዐረፍተ ነገሮች በየቀኑ ያው ስለሆኑ፣ እነዚህን የምትጽፍላት ስክሪፕት የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ኮምፒውተሯ ላይ አኑራ ነበር፤ ሁለት ፊደል ስትመታ አንድ ዝርዝር ስክሪኑ ላይ ብቅ ይላል፣ ከዝርዝሩ አንዱን መስመር በማውስ ስትጫን ሙሉው ዐረፍተ ነገር ቦታው ላይ ይቀመጣል። በቀን መቶ ጊዜ ማውስ መጨበጥ ነው እጇን የበላት። ማቀዝቀዣ ጠጋኙ ባሏ፣ አንጓዋን በጨው ውኃ ስትዘፈዝፍ አይቶ «የኔ ዕቃ ቢሆን እጀታውን እቀይርልሽ ነበር» አላት። በነገሩ ስቃ ዝም አላለችም። የስክሪፕቱን መመሪያ ስታገላብጥ ሰንብታ፣ ብቅ ለሚለው ዝርዝር ለየመስመሩ አቋራጭ ቁልፍ መስጠት እንደሚቻል ደረሰችበት። ከዚያ ወዲያ ማውስ ቀረ። ዝርዝሩ ሲመጣ አንድ ቁጥር መምታት ብቻ ሆነ፤ እጇም ዳነ።

በዚህ ሥራዋ የምትኮራበት አንድ ብልሃት ነበር። ቁጥሮቹን በእጇ አልጻፈቻቸውም። ስክሪፕቱ ራሱ መስመሮቹን ከላይ ወደ ታች ይቆጥርና ለአንደኛው አንድ፣ ለሁለተኛው ሁለት እያለ ያድላቸዋል። ለጡት ምርመራ የሚወጣው ዝርዝር ከቀላሉ ወደ ከባዱ የተደረደረ ነበር። አንድ ብትመታ «ጤናማ ነው»፤ ሁለት ብትመታ «ከሁለት ዓመት በኋላ ይደገም»፤ ሦስት «ከአንድ ዓመት በኋላ ይደገም»፤ አራት «በአስቸኳይ ናሙና ይወሰድ»። አራት ቁጥር በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ብትመታ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ትልቁ ዶክተር በበሩ ብቅ ብለው፣ «ከቀድሞው ምስል ጋር ሲነጻጸር ለውጥ የለም» የምትል ዐረፍተ ነገር ሁልጊዜ በእጅ መጻፉ እንደሰለቻቸው ነገሯትና ለጡት ምርመራው ዝርዝር እንድትጨምርላቸው ለመኗት። ግርጌ ላይ ብትጨምረው ምንም አልነበረም። እሷ ግን ማንኪያ እንኳ በቁመቱ ለይታ የምታስቀምጥ ሴት ናት። አዲሱን መስመር እንደ ክብደቱ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል አስገባችው። ስክሪፕቱ እንደ ልማዱ ሁሉንም እንደገና ቆጥሮ ቁጥር አደለ። ፋይሉን ዘግታ ሥራዋን ቀጠለች። ለጣቶቿ የነገራቸው አልነበረም።

ሰኞ ረፋድ ላይ ጋዜጣ አንድ ፋይል ደረቱ ላይ አቅፎ መጣና ጠረጴዛዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«መትረየስ፣ እስኪ ይህን ታሪክ አስረጂኝ» አላት። «ይቺ ሴትዮ ፋይል የተከፈተላት ሐሙስ ነው። ከዚያ በፊት የዚህን ቤት ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። አንቺ ግን ከቀድሞው ምስል ጋር ሲነጻጸር ለውጥ የለም ብለሽ ጽፈሻል። ቀድሞ የሚባለው የቱ ነው? የሠርጓን ፎቶ አይተሽ ነው?»

አብራው ሳቀች። እየሳቀች የሐኪሙን ማስታወሻ ከሣጥኑ አወጣች። «ከአንድ ዓመት በኋላ» ይላል። ሦስት ቁጥር ማለት ነው። ሦስትን መትታ ነበር፤ ጣቷ መሳቱን አላስታወሰችም። ሦስትን መትታ አዲሱ መስመር ከወጣ፣ አለች በሆዷ፣ ሦስት የነበረው ወዴት ሄደ? ሳቋ እዚያ ላይ ቆመ። ሦስት የነበረው ወደ አራት ወርዷል። አራትን የመታችላቸውስ?

ጋዜጣ አፉ ሲንቀሳቀስ ይታያታል እንጂ የሚለውን አልሰማችም። ፋይሉን እንዲተውላትና አጣርታ እንደምትመልስለት ነገረችው፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። እሱ ትከሻውን ነቅንቆ ወጣ።

ተነሥታ በሩን ከውስጥ ቆለፈች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያን በር ቆልፋው አታውቅም። ዝርዝሩን ከፍታ በመጀመሪያ ጊዜ እንደ እንግዳ ዐይን አየችው፤ ጣቷን ስክሪኑ ላይ እያስኬደች አምስቱን መስመሮች ቆጠረች። አምስት ናቸው። ደግማ ቆጠረች፤ አሁንም አምስት ናቸው።

ከዚያ ከረቡዕ ጀምሮ የተጻፉትን የጡት ምርመራ ማስታወሻዎች በሙሉ አውጥታ ወለሉ ላይ ዘረጋቻቸውና ከታተሙት ጋር አንድ በአንድ ማመሳከር ያዘች። ስልሳ አንድ ነበሩ። አንደኛውና ሁለተኛው መስመር አልተነኩም፤ እነሱን ባየች ቁጥር ትንፋሽዋ ይመለሳል። ሦስት የተመታባቸው አሥራ አንድ ተገኙ። እነዚህ ክፉ ቢሆኑም የከፉ አይደሉም፤ ተጠርተው ወረቀት ይለወጥላቸዋል። አራት የተመታባቸው ሁለት ነበሩ። የአንዷ ወረቀት ሳይወሰድ ውጤት መስጫው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።

የሁለተኛዋ ወረቀት ግን ሐሙስ ከሰዓት ተወስዷል። መረከቢያው ላይ ፊርማ አለ፤ ረጅም፣ ቀጥ ያለ ፊርማ። ዕድሜ ሃምሳ ሦስት። ሥራ ልብስ ስፌት። አድራሻ ከዱቄት ወፍጮው ጀርባ። ዶክተሩ በግራ ጡት ላይኛው ጎን ዳርቻው ያልለሰለሰ እብጠት መኖሩን ጽፈው «በአስቸኳይ» የሚለውን ቃል ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምረውበታል። የታተመው ወረቀት ስለ እብጠቱ ሁሉንም ይናገራል፣ ግን በሐኪም ቋንቋ ነው፤ ታካሚ የምታነበው የመጨረሻዋን መስመር ነው። የመጨረሻዋ መስመር «ከአንድ ዓመት በኋላ ይደገም» ትላለች።

መትረየስ ወለሉ ላይ ከወረቀቶቹ መካከል ተቀምጣ ቀረች።

መረከቢያው ላይ ወደተጻፈው የሴትዮዋ ስልክ ደወለች፤ ቁጥሩ አገልግሎት ላይ አይደለም። ቁጥሩን አሳስቼ ይሆናል ብላ ጣቷን እያየች፣ እያንዳንዱን አኃዝ በከንፈሯ እያለች ደገመችው፤ መልሱ ያው ነው። ከዚያ በደረጃው ሥር ወዳለው ጥግ ወርዳ ለባሏ ደወለች። ከጀርባው የመዶሻ ድምፅ ይሰማ ነበር። እስክትጨርስ አላቋረጣትም።

«ማን ያውቃል ይህን?» አለ በመጨረሻ።

«እኔ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

መዶሻው ቆመ። «እንግዲያማ…» አለና ሳይጨርሰው ተወው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ስለ እሷ ፈርቶ ነው። እሷም የቀረውን ዐረፍተ ነገር እሱ ሳይናገረው ሰምታዋለች፤ ምክንያቱም ከአንድ ሰዓት በፊት፣ ወለሉ ላይ ሳለች፣ እሷው ለራሷ ብላዋለች። መስመሩን ወደ ግርጌ ማውረድ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የኮምፒውተሩን ቅጂ ማረም የሁለት ደቂቃ። ሴትዮዋ ከዓመት በኋላ ብትመጣ የሚጠይቅ የለም፤ ባትመጣም የሚጠይቅ የለም። ስልኩን ዘጋችና ደረጃውን እንዳታስብ ብላ በፍጥነት ወጣች፤ ቀስ ብትል ወደ ክፍሏ እንደምትገባ ታውቅ ነበር። የትልቁን ዶክተር በር አንኳኩታ ገባች።

የጠበቀችው ቁጣ ነበር። ቁጣ ቢሆን ይቀላት ነበር። ዶክተሩ ማስታወሻቸውንና የታተመውን ወረቀት ጎን ለጎን አድርገው አዩ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ፊርማው የኔ ነው» አሉ። «አላነበብኩትም።»

ተነሥተው በሩን ዘጉት። መትረየስን ከዚያ ቀን ነገር ሁሉ ያን የበር መዘጋት ያህል ያስፈራት የለም። ትልቅ ሰው ሲፈራ ማየት፣ የተደገፉት ግድግዳ ሲነቃነቅ እንደማየት ነው። ለአንድ አፍታ ባሏ ያልጨረሰውን እሳቸው ሊጨርሱት ነው ብላ ጠበቀች። አልጨረሱትም። አዲስ ወረቀት እንድትጽፍ አዘዟት፤ ይዛ ስትመለስ ከርእሱ እስከ ግርጌው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አንብበው ፈረሙበት። እኔ ራሴ እሄዳለሁ አለቻቸው። ምን ብላ እንደምትነግራት ጠየቋት፤ አላውቅም አለች።

«ሐኪሙ አንድ ተጨማሪ ምርመራ ይፈልጋል በያት። ሌላ አትጨምሪ። ሰው ማስደንገጥ አያስፈልግም።»

ማን እንዳይደነግጥ እንደተፈለገ ገብቷታል። ሆኖም ቃሉን ወደደችው። በአውቶቡስ መስኮት በኩል ተቀምጣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጨብጣ እስክትደርስ ድረስ ደጋገመችው። ሐኪሙ አንድ ተጨማሪ ምርመራ ይፈልጋል። ሐኪሙ አንድ ተጨማሪ ምርመራ ይፈልጋል። መሐል ላይ አንድ ሌላ ሐሳብ ገባባት፦ ሴትዮዋ ቤት ቀይራ ቢሆንስ? ሱቁ ተዘግቶ ቢሆንስ? ይህን ስታስብ ልቧ ቅልል እንዳላት አስተዋለች። ባላገኛት ደስ ሊለኝ ነው ማለት ነው፣ አለች ለራሷ፤ የገዛ ደስታዋ አስፈራት።

ሱቁ አልተዘጋም። ከወፍጮው ጀርባ ዱቄት የነጣበት ጠባብ መንገድ ላይ፣ በሩ ወለል ብሎ የተከፈተ አንድ ክፍል ነው። ከበሩ አጠገብ ሰው የለበሰውን ልክ የሚያይበት ረጅም መስታወት፣ መካከል ላይ ባለ ፔዳል የስፌት መኪና፣ ከኋላ መጋረጃ። ልብስ ሰፊዋ ቀጭን፣ ቀና ብላ የምትቀመጥ ሴት ናት፤ ሜትር አንገቷ ላይ ጥላ፣ በከንፈሯ መርፌዎች ነክሳ የቀሚስ ጠርዝ ታጥፋለች።

«ለመለካት ነው ለመረከብ?» አለቻት በመርፌዎቹ መካከል።

መትረየስ ከሆስፒታሉ መምጣቷን ነገረቻት። የስፌት መኪናው ጎማ ላይ የነበረው እጅ ቆመ። በአውቶቡሱ ውስጥ ያጠናችውን ቃል አለችው፤ አንድም ቃል አላጎደለችም፣ አልጨመረችም። ልብስ ሰፊዋ መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከአፏ እያወጣች ክንዷ ላይ ባሰረችው ትንሽ ትራስ ላይ ሰካቻቸው። ከዚያ ወደ መጋረጃው ኋላ ገብታ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ይዛ ወጣች። እጥፋቱ ላይ እንዳይጎዳ ተጠንቅቃ ዘረጋችው።

«እዚህ ከአንድ ዓመት በኋላ ይላል» አለች። «ፊርማ አለው፤ ማኅተም አለው።»

መትረየስ አዲሱን አወጣች። ልብስ ሰፊዋ ሁለቱን አስተያይታ የአንዱን ፊርማ ከሌላው ጋር በጣቷ ለካችው።

«አንድ ሰው ነው ሁለቱንም የፈረመው» አለች። «ታዲያ የትኛውን ልመን? ሁለቱም እኩል እውነት ከሆኑ እኔ የምወደውን አምናለሁ። እህቴ፣ ሐኪም ቤት ሰው አንዴ ከገባለት ሰበብ አያጣም። ሦስት ወር ፈርቼ ፈርቼ ነው የሄድኩት። ዓመት ተባልኩ፤ ዓመት እጠብቃለሁ። ጤና ይስጥልኝ በይልኝ።»

ወረቀቷን በላስቲኩ ጠቅልላ ከቀሚሱ ሥር አስገባችና እግሯን ፔዳሉ ላይ አደረገች። መኪናው መጮኽ ጀመረ። ማሰናበቷ ነበር።

መትረየስ በሩ ጋ ቆመች። የተላከችበትን አድርሳለች። ዶክተሩ ካሉት አልጎደለም፤ ሴትዮዋ በገዛ አፏ አልመጣም ብላለች፤ ከዚህ በኋላ የሚወቅሳት የለም። መንገዱ ላይ ፀሐይ ነበር። አንድ እርምጃ ነው የሚቀራት።

በዚያው ቅጽበት ልብስ ሰፊዋ፣ ዐይኗ ከስፌቱ ሳይነሣ፣ ግራ እጇን ወደ ኋላ ሰደደች። ከኋላዋ ግድግዳው ላይ ምስማሮች በረድፍ የተመቱበት ጣውላ አለ፤ በየምስማሩ አንድ አንድ የክር ጥቅል ተሰክቷል። እጇ አራተኛውን ነቅሎ ተመለሰ። ሰማያዊ ክር ነው፣ የቀሚሱ ቀለም።

«እትዬ» አለች መትረየስ፤ ድምፅዋ ከመኪናው በላይ እንዲሰማ ጮክ ማለት ነበረባት። «አራተኛው ምስማር ላይ ሁልጊዜ ሰማያዊ ነው ያለው?»

መኪናው ቆመ። «ምን አገባሽ?»

«አንድ ሰው መጥቶ ሦስተኛው ላይ አዲስ ክር ቢሰካና የቀሩትን አንድ አንድ ምስማር ቢያሳልፋቸው፣ እርስዎም ሳያዩት፣ እጅዎ ምን ያነሣ ነበር?»

ልብስ ሰፊዋ ዞር ብላ ጣውላውን አየች፤ የሚነካ ሰው ያለ ይመስል። «ሦስተኛው ላይ ያለውን ጥቁሩን ያነሣል» አለች። «እንደዚያ የሚያደርግ ሰው ግን እዚህ ቤት አይገባም።»

«እኔ ቤት የገባሁት እኔው ራሴ ነኝ» አለች መትረየስ።

ከዚያ ሁሉንም ነገረቻት። ዝርዝሩን፣ ቁጥሮቹን፣ የረቡዑን መስመር፣ እንዳታይ ሆና መማሯን፣ አራትን መምታቷንና በአራት ቦታ ሦስት መውጣቱን ነገረቻት። የእብጠቱን ዳርቻም፣ ሁለት ጊዜ የተሰመረበትንም ቃል ሳትደብቅ አለችው። ልብስ ሰፊዋ እየሰማች ሳለ ቀኝ እጇ ሳታዘው ወደ ግራ ብብቷ ሄደ፤ መንገዱን ለምዶታል።

«አንቺ ነሽ?» አለች በመጨረሻ።

«እኔ ነኝ።»

«ሐኪሙ አላነበበም?»

«አላነበቡም።»

«አንቺስ?»

«አላየሁም።»

«አራት ሌሊት ተኛሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ። ቁጣ አልነበረበትም፤ እንደ ሂሳብ ነው ያለችው። «ከሦስት ወር ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር ያየሁት በነዚህ አራት ሌሊቶች ነው። ለእህቴ ደውዬ ሳቅን። አሁን እሱን ልትቀበይኝ መጣሽ።»

መትረየስ ይቅርታ ልትል አፏን ስትከፍት ልብስ ሰፊዋ መቀሱን አነሣች። መትረየስ ወደ ኋላ ሸሸች። ልብስ ሰፊዋ ግን የቀሚሱን ክር ቆርጣ፣ ቀሚሱን አራግፋ መስቀያው ላይ ሰቀለችው።

«ይቅርታሽን ለጊዜው ያዢው» አለች። «ሐኪሙ እስከ ስንት ሰዓት ይቆያል?»

አውቶቡሱ ውስጥ ሲገቡ «አጠገቤ አትቀመጪ» አለቻት። መትረየስ ሦስት ረድፍ ወደ ኋላ ተቀመጠች። መንገዱን ሙሉ የምታየው ያን ቀጥ ያለ ማጅራት ነበር። ልብስ ሰፊዋ ሜትሩን ከአንገቷ ማውለቅ ረስታ ኖሮ፣ አውቶቡሱ በተናወጠ ቁጥር ጫፉ ትከሻዋ ላይ ይወዛወዛል። እንድታወልቀው ሊነግራት የደፈረ ሰው አልነበረም፤ መትረየስም አልደፈረችም።

ናሙናው በዚያው ቀን ተወሰደ። ልብስ ሰፊዋ ከመውጣቷ በፊት ዶክተሩን አንድ ነገር ጠየቀቻቸው። «ውጤቱን በእጅዎ ይጻፉልኝ» አለች። «ማሽን አይንካው።» እሺ አሏት።

ውጤቱ የሚደርሰው በሳምንቱ ነው። ዶክተሩና መትረየስ በማግስቱ አብረው ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብተው ሁለቱም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይዘው ወጡ። አሥራ አንዱ ሴቶች ተጠሩ። ወረቀቷ መሳቢያ ውስጥ የነበረው ሴትም ተጠርታ መጣች። ወሬው በግቢው ይናኛል ብላ ስትጠብቅ አንድም ሰው አልጠየቃት፤ ጋዜጣ ሁሉንም ያውቅ ነበር፣ በሥራ ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይታተም ቀረ። ባሏ አንድ ማታ፣ የተፈታታ ሞተር ላይ እንዳቀረቀረ፣ «ያን ቀን በስልክ ያልኩሽን እርሺው» አላት። እሱ ምንም አላለም ነበር፤ ሁለቱም ያውቁታል።

በዚያ ሳምንት ስክሪፕቱን ከሥሩ አፍርሳ ሠራችው። አሁን ቁጥር አይታደልም። እያንዳንዱ መስመር የራሱን ፊደል በእጇ ተጽፎለት ይዟል፤ ወደ ላይ ቢወጣ፣ ወደ ታች ቢወርድ፣ አጠገቡ ሌላ ቢገባ፣ ፊደሉ አብሮት ይሄዳል። ለከባዱ መስመር ብቻ ቁልፍ አልሰጠችውም። እሱን የፈለገ ማውስ ጨብጦ፣ ዐይኑን ስክሪኑ ላይ ጥሎ፣ ፈልጎ ይጫነው። ይህን ሁሉ አድርጋ ስትጨርስም ፍርሃቱ አልለቀቃትም። በየምሽቱ ከመውጣቷ በፊት የቀኑን ወረቀቶች ከማስታወሻው ጋር ታመሳክራለች፤ ጨርሳ ካፖርቷን ለብሳ በሩ ጋ ስትደርስ ትመለስና የመጀመሪያዎቹን አምስት እንደገና ታያለች።

በሳምንቱ ማክሰኞ የክፍሏ በር ሳይንኳኳ ተከፈተ። ልብስ ሰፊዋ ናት። አንድ ወረቀት በሁለት ጣቷ ጫፍ ይዛ ገባች። ዶክተሩ ውጤቱን ጽፈው ለነርሷ ትተውላት ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ተጠርተው ሄደዋል፤ እስኪመለሱ ቁጭ ብላ መጠበቅ አልቻለችም።

«ይህ ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው» አለች። «ነርሷም አላነበበችውም። እዚህ ግቢ የእሳቸውን እጅ ጽሑፍ የሚያነብ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው ብላ ወዳንቺ ሰደደችኝ።»

መትረየስ ከወንበሯ ተነሣች። ወረቀቱን ስትቀበል የመጀመሪያዋን መስመር ዐይኗ ቀድሞ አነበበ፤ ፊቷ ላይ ነገሩ እንዳይታይባት ብትጥርም ታየባት።

«በአፍሽ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «በፊትሽ አይደለም።»

አነበበችላት። ናሙናው ካንሰር መሆኑን ያሳያል። መጠኑ አነስተኛ ነው። በብብት ሥር ባሉት እጢዎች ላይ አልታየም። ሐሙስ ጠዋት ለቀዶ ጥገና ትግባ።

ልብስ ሰፊዋ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። «ድገሚው» አለች። ደገመችላት። ልብስ ሰፊዋ ወንበር ስባ አጠገቧ፣ ትከሻዋ ትከሻዋን እስኪነካ ተጠግታ ተቀመጠች፤ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ በመርፌ ብዛት የተበሳሳውን ጠቋሚ ጣቷን ከመጀመሪያው ቃል ሥር አኖረች።

ጣቱ አንድ ቃል ሲሄድ መትረየስ አንድ ቃል አነበበች። ጣቱ ሲቆም ቆመች። በሦስተኛው መስመር መጨረሻ ላይ ጣቱ ቆሞ ቀረ።

«ይህ ምን ይላል?»

«አልታየም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

መትረየስ አጎንብሳ ፊቷን ወረቀቱ ድረስ አወረደችና ቃሉን ከፊደል ፊደል፣ ከጭረት ጭረት ተመለከተችው።

«እርግጠኛ ነኝ» አለች፤ ጣቱም ወደሚቀጥለው ቃል አለፈ።